በቧንቧው ሆድ ያደረ ውኃ

ትናንት ጠዋት በመነኻሪያው አጠገብ ሳልፍ፣ አንድ መካኒክ ከአሮጌ የጭነት መኪና ሥር በጀርባው ተንፏቆ ወጣና የፈታውን ቧንቧ ለሹፌሩ ዘረጋለት። ክንድ የማይሞላ የብረት ቧንቧ ነው። አልተሰበረም፤ መሐሉ ላይ ብቻ፣ በአውራ ጣት እንደተፈለቀቀ የባቄላ እሸት ረዘም ብሎ ተከፍቷል። «የዘይት ማቀዝቀዣው ነው፤ ውርጭ በላው» አለ መካኒኩ። ሹፌሩ ከንፈሩን መጠጠና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የተቃጠለ ዘይትና የሞቀ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ያን ሽታ ካሸተትኩ ደግሞ እህቴ አስካለ በሸራ ሥር ተኝታ ትታየኛለች።

ልጅነቴ ራሱ የመኪና ሽታ ነበረው። አባቴ ደምሴ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበርና ወደ ጫጫ እህል የሚያመላልስ ሹፌር ስለነበር ጋቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ እናቴ ደጋግማ ብታጥበውም አይለቅም። የሰፈር ልጆች ስንጫወት ሹፌሯ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። የድስት ክዳን መሪ አድርጌ፣ ወንዶቹን ተሳፋሪ ብዬ ከኋላዬ አሰልፌ፣ ዳገት ስንደርስ ማርሽ እንደሚቀይር ሞተር ጉሮሮዬን እየሞረድኩ እነዳቸዋለሁ። እናቴ ሴት ልጅ እንዲህ አትጮህም እያለች ስትቆጣ አባቴ ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ አይረሳውም። ጠዋት ስንነሣ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ትምህርት ቤት ስንሄድ በጎማ ፈለግ ውስጥ ያደረው ውኃ መስተዋት ሆኖ ይጠብቀናል፤ በተረከዛችን እየሰበርን ስብርባሪውን እንመጠምጠው ነበር። አፈር አፈር ይላል፣ ጥርስ ያማል፣ ግን ደስ ይላል። መምህራችን እንኳን ብርዱ ጣታችንን እስኪለቀው ድረስ እስክሪብቶ አያስይዙንም ነበር፤ መጀመሪያ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ፊደል በቃል እንድንል ያደርጉናል።

ለእኛ ጨዋታ የነበረው በረዶ ለአባቴ ጠላት ነበር። በእነዚያ ወራት መኪናውን አቁሞ ውኃውን ሳያፈስ ለእራት አይቀመጥም። መጀመሪያ ራዲያተሩን ይከፍታል። ውኃው እየተንፎለፎለ ሲወርድ እንፋሎቱ ፊቴን እንዲያሞቀኝ ጠጋ እላለሁ። ከዚያ መፍቻ ይዞ ከመኪናው ሥር ይገባል። ከሞተሩ ጎን የተለጠፈ ትንሽ ሣጥን አለ፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ይሉታል። ከሞተሩ ውኃ የሚወስድለትና የሚመልስለት ሁለት ቧንቧ አለው። የታችኛው ቧንቧ ወደ መሬት ረገብ ያለ ስለሆነ ራዲያተሩ ባዶ ሆኖ እንኳ እሱ ሆድ ውስጥ ውኃ ይቀራል፤ ያን ለማፍሰስ አንዲት ቡሎን ለብቻዋ መፍታት ያስፈልጋል። አንድ ምሽት ለምን ሁለቴ እንደሚደክም ብጠይቀው፣ ዘይትም እንደ ሰው ያተኩሰዋል፣ ጎን ጎኑን እየዳሰሰ የሚያበርደው ያ ውኃ ነው፣ ግን በውርጭ ከተረሳ ራሱ ውኃው ያብጥና ብረት ይቀድዳል አለኝ። ውኃ ብረት ይቀድዳል ብዬ ለጓደኞቼ ስነግራቸው ውሸታም ተባልኩ።

አስካለ የቤታችን በኩር ናት፤ እኔ እታለም እላት ነበር። አንኮበር አካባቢ ካለ መንደር ተዳረች። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ስለሆነ እናቴ ደብረ ብርሃን ላይ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ፣ መኝታዋን አሰናድታ ትጠብቃት ነበር። እኔ ደግሞ ሆዷ ሲገፋ ውኃ እንድቀዳላት፣ እንድላላክላት ቀደም ብዬ ወደሷ ተልኬያለሁ። ባሏ ለአጨዳ ቆላ ወርዶ ነበር። አባቴ ሊወስዳት የመጣበት ቀን ገና ወሯ አልገባም ብለን ነበር፤ ምጡ ግን ያን ዕለት ማታውን ያዛት።

የክረምቱ ናዳ ወደ መንደሩ የሚወርደውን መንገድ ስለቆረጠው መኪና ከላይ ከሜዳው አልፎ አይወርድም። አባቴ እዚያ አቁሞ፣ ራዲያተሩን ከፍቶ፣ ውኃው እየፈሰሰ ሳለ አስካለ ምጥ እንደጠናባት የሚነግር ሰው እየሮጠ ደረሰበት። መፍቻውን በቆመበት ጥሎ ቁልቁል ወረደ። ቡሎኗ ሳትፈታ አደረች። በዚያች ሰዓት ግን ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ አባቴም ጭምር።

ሲነጋጋ እትዬ ዘርፌ ከጓዳ ወጡ። በዚያ አገር ብዙ ሰው በእጃቸው የተወለደ አዋላጅ ናቸው። ልጁ አግድም እንደሆነ፣ ከእንግዲህ ነገሩ ከእጃቸው በላይ እንደሆነ፣ ሐኪም ቤት ካልደረሰች ሁለቱንም እንደምናጣቸው ለአባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩት። የመንደሩ ጎልማሶች በቃሬዛ አነሧት። ዳገቱን ስንወጣ ጭጋጉ ከበታቻችን ቀረ፤ ሜዳው ላይ የጅባራ ተክሎቹ በውርጭ ነጥተው የቆሙ ሰዎች ይመስሉ ነበር። እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። ተሸካሚዎቹ በየእርምጃው ማርያም ማርያም ይላሉ። አስካለ ግን ድምፅ አልነበራትም፤ ትንፋሿ ብቻ ነው የሚሰማው።

የአባቴ ረዳት ሽፈራው ጋቢና ውስጥ ነበር ያደረው። በጀሪካን የያዘውን ውኃ እንዳይረጋበት ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብቶ አቅፎት አድሮ፣ እኛ ስንደርስ ራዲያተሩን ሞልቶ ጨርሷል። መኪናው አጠገብ አንድ ቄስ ቆመው ነበር፤ መምሬ ኃይሌ ይባላሉ። ቆላ ካለ ጠበል ሁለት ጀሪካን ሞልተው በአህያ አስወጥተው መኪና ይጠብቃሉ። ጠበሉ ጫጫ ውስጥ አልጋ ላይ ለዋለች ሚስታቸው ነው። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ እንደማያገባ እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ አውቅ ነበር። አስካለን ከመኪናው ጀርባ ጭድ አንጥፈን አስተኛናት፤ እትዬ ዘርፌና እኔ ከጎኗ፣ ሸራው ከላያችን። መምሬ ከጀሪካኖቻቸው ጋር ከወዲያኛው ጥግ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹም ሁለቱ ተከተሉን።

መኪናው መጀመሪያ በደንብ ሄደ። በኋላ አባቴ እንዳስረዳኝ፣ ቧንቧው ሌሊቱን ተቀድዷል፤ የቀደደው በረዶ ግን ራሱ ወትፎት ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ በረዶው ቀለጠና ውኃው መንገድ ለመንገድ መንጠባጠብ ያዘ። ገደሉን በግራችን አድርገን ረጅሙን ዳገት ስንጨርስ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። አባቴ አቆመ። ሽፈራው ወርዶ አጎንብሶ አየና፣ ነገሩን ለማቅለል ፈልጎ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ መኪናችን ቀደመቻት፤ የእንሽርት ውኃዋን አፈሰሰች» አለ። እትዬ ዘርፌ በሸራው ቀዳዳ አንገታቸውን አውጥተው፣ አንተ ባለጌ፣ እናትህ ስትወልድህ እዚያው ብትረሳህ ይሻል ነበር አሉት። ከዚያ በኋላ ሽፈራው እስከ ማታ አልቀለደም።

አባቴ ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። ሽፈራውን አልተቆጣም። ቡሎኗን ማን እንደረሳት ያውቅ ነበር። ወዲያው ሥራ ጀመረ። ሁለቱንም ቧንቧዎች ከማቀዝቀዣው ሣጥን ፈታቸው። የተቀደደው እንደማይጠገን ሲያይ ከመለዋወጫው ጎማ ከመነዳሪ፣ ከውስጥ ላስቲኩ፣ ረዘም ያለ ቁራጭ ቆረጠ። ከዚያ የሞተሩን ሁለት የውኃ አፎች በአንድ የጎማ ቱቦ አገናኝቶ፣ በከመነዳሪው ጠቅልሎ በሽቦ አጠበቀው። ውኃው ወደ ማቀዝቀዣው ሳይሄድ ከሞተሩ ወጥቶ እዚያው ሞተሩ ውስጥ እንዲገባ ማድረጉ ነው። ዘይቱ ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚቀር ቀስ ብሎ መንዳት፣ ዳገት ላይ እየቆሙ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ግን ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ብርዱ እጁን አድርቆት ስለነበር ሽቦው ጣቶቹን ሲቆርጠው አይሰማውም፤ ደሙ ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል በሸራው ቀዳዳ እኔ ነበርኩ የማየው። አስካለ ምጡ ሲይዛት እጄን ትጨብጠኛለች፤ ሲለቃት ትለቀኛለች።

ሥራው አለቀ። የቀረው ውኃ ነበር። የሽፈራው ጀሪካን ባዶ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሜዳው ደርቋል። ወንዝ የሚገኘው ገደሉን ግማሽ ድረስ ከወረዱ በኋላ ነው።

መምሬ ኃይሌ ተነሡና አንዱን ጀሪካን በሁለት እጃቸው ወደ መኪናው ጠርዝ አስጠጉት።

«ደምሴ፣ ይኸውልህ፤ ጨምረው» አሉ።

አባቴ ወዲያው አልገባውም። ምን እንዳሉት ጠየቃቸው።

«ጠበሉን ነው የምልህ። ሞተሩ ውስጥ ጨምረውና እንሂድ።»

ጠበል እሳት ላይ አይጣድም። የተረፈው እንኳ እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። አባቴ በቅባት የጨቀየ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ፤ ጀሪካኑን በዚያ እጅ መንካት እንኳ የፈራ ይመስል ነበር።

«መምሬ፣ ጠበል እንዴት ከዘይትና ከእሳት ጋር ይፈላል?» አለ።

«አፍልቼ አላውቅም። ዛሬ ግን እኔ ነኝ የፈቀድኩት። የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።»

«እርስዎ ወርደው ጫጫ ይገባሉ። እኔ እኮ ይቺን ልጅ ጭኜ ነው ገደል ለገደል የምነዳው። ሞተሩ ውስጥ ጠበል እያፈላሁ መሪው ቢከዳኝስ? እሷ ላይ ቢመጣስ?»

መምሬ ብዙ ተናገሩት። ጠበሉ የተባረከው ለሰው እንደሆነ፣ ሰው ለማዳን የፈሰሰ ውኃ እንደማይከስሰው፣ አንዱ ጀሪካን ለሚስታቸው እንደሚበቃ ነገሩት። አባቴ እያንዳንዱን ቃል ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማ። እምቢ ያላቸው ግን ንቋቸው አይደለም፤ ከእሳቸው ይበልጥ ስለፈራ ነው። እትዬ ዘርፌ ከሸራው ሥር፣ «ወንዶቹ መክራችሁ ስትጨርሱ ንገሩን፤ እኛ እዚሁ ነን» አሉ። አባቴ ባዶውን ጀሪካን ለሽፈራው ሰጠውና ከሁለቱ ጎልማሶች ጋር ወደ ወንዝ ሰደዳቸው። ራሱም ሊከተላቸው ጥቂት ሮጠና ተመለሰ፤ ከመኪናው መራቅ አልቻለም። መምሬ በጣሳ ጠበል ቀድተው ለአስካለ አጠጧት፤ ግንባሯ ላይም ረጩላት። ያ የተፈቀደ ነበር።

ስለዚያ ጥበቃ ማውራት ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ንፋሱ ሸራውን ሲያርገበግበው፣ ጭዱ ሲንኮሻኮሽ፣ እትዬ ዘርፌ ቅቤ የተቀባ እጃቸውን በነጠላቸው ሲጠርጉ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርና እነዚህ ብቻ ትዝ ይሉኛል። አባቴ ከመኪናው ጎማ ጋር ተደግፎ ተቀምጦ የሠራውን ሽቦ ደግሞ ደጋግሞ ያጠብቃል፤ ሽቦው ግን ጠብቆ ነበር። ጠዋት ነጭ የነበረው ሣር ቀልጦ፣ ደርቆ፣ ጥላችን ከእግራችን ሥር ሲገባ ገና ሰዎቹ አልመጡም። አንዴ አስካለ ዓይኗን ገልጣ ሸራውን አየች። አንድ ነገር ልትል የፈለገች መስሎኝ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። አልተናገረችም።

ሽፈራው ጭቃ የመሰለ ውኃ ይዞ ሲደርስ ጉልበቱ ደምቶ ነበር። ሞተሩ ተነሣ። የአባቴ ሥራ እስከ መጨረሻው ያዘ፤ ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። ግን በየዳገቱ መቆም፣ ዘይቱ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ከብቶች ወደ ቤት እየገቡ ነበር። ከሐኪም ቤቱ በር ላይ አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው አስካለን ተቀበለንና በሩን ዘጋ። ሲወጣ እናትየዋ እንደምትተርፍ ነገረን። ልጁ ወንድ ነበር። ጠዋት ቢሆን ኖሮ በሕይወት እናወጣው ነበር አለ፤ ለክፋት አይደለም፤ የሚያውቀውን መናገሩ ነው። አባቴ እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር፤ መታጠቡን ሳያቆም ሰማው።

ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ስለሆነ ፍትሐት የለውም። አባቴ ራሱ ቆፍሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ከአንድ የጥድ ዛፍ ሥር ቀበረው። እናቴ ለገንፎ ያሰናዳችውን የገብስ ዱቄት ለጎረቤት ሰጠችው፤ ቤታችን ግን ብዙ ቀን ቆሎ እንደተረሳበት ምጣድ ገብስ ገብስ ይሸት ነበር።

የመምሬ ኃይሌ ሚስት ተሻላት። ሁለቱም ጀሪካን ስለደረሰላት ነው አሉ። ከጥምቀት በኋላ ባልና ሚስቱ ቤታችን ድረስ መጡ፤ ቅቤና ማር ይዘው፣ የደምሴ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው ለዚህ ያበቃኝ እያለች ሴትዮዋ አለቀሰች። አባቴ ድምፃቸውን ከግቢው በር ሲሰማ በጓሮ ወጥቶ ሄደ። እናቴ መኪና ሊያይ ወጥቷል አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እየደጋገመ አመሰገነው፤ እያንዳንዱን ምስጋና እንደ ስድብ ሲውጠው አየሁ።

ዛሬ ዓለሙ ሌላ ነው። ያ መንገድ ተጠግኗል፤ ከአንኮበር ጠዋት የተነሣ ሰው ቁርሱን ደብረ ብርሃን ይበላል። አባቴም መንዳት ትቷል፤ እጁ ላይ የሽቦው ጠባሳ አለ፤ ልጆች ከምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ከሥራ ነው ይላል። እኔም ዕድሜዬ ያኔ አስካለ ከነበረችበት አልፏል። ብርዱ ግን ያው ነው። ውርጭ በጣለ ቁጥር የዚያ ሜዳ ነገር ሳላስበው ይመጣብኛል።

አምና አንድ ቀን ከአስካለ ጋር እዚሁ ደብረ ብርሃን ቤቷ ጓሮ ቁጭ ብለን ባቄላ ስንፈለፍል ድንገት ጠየቅኳት። ያን ቀን መምሬና አባባ የተነጋገሩትን ሰምተሽ ነበር ወይ አልኳት። ፍልፈላዋን አላቆመችም።

«አንድም ቃል አላመለጠኝም» አለች።

«ታዲያ አንቺ ምን ትፈልጊ ነበር?»

«ጨምረው ልለው ነበራ። ከጉሮሮዬ ደርሶ ነበር። ቄስና አባት እየተነጋገሩ፣ እኔ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ፣ ምን ብዬ ልናገር? ነውር መሰለኝ። ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅሁ።» የያዘችውን እሸት ፈልፍላ ጨረሰችና፣ «ከዚያ ሰዎቹ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ኮቴያቸውን ሰማሁት» አለች።

ለአባባ ነግረሽው ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እሱም አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

በኋላ የወለደቻት ልጇ ትርንጎ አሁን እኔ ያኔ በነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት። ምላሷ የማያርፍ፣ ለሰው መንገድ የማትለቅ ልጅ ናት። ባለፈው እሑድ አንድ የአስካለ ባል ዘመድ ወላጆቼ ቤት መጥተው፣ ልጅቷ አንኮበር ወርዳ ከአባቷ እናት ጋር ብትኖር እንደሚሻል ለአባቴ ያስረዱ ነበር። አሮጊቷ ብቻቸውን እንደሆኑ፣ ልጅ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ትምህርት የትም እንዳለ በሰፊው ተናገሩ። አባቴ እያዳመጠ ራሱን ሲነቀንቅ ትርንጎ ከበሩ ዘንድ ብድግ ብላ፣ «እኔ እኮ አለሁ» አለች። እንግዳው ደነገጡ፤ ትልልቅ ሰው ሲነጋገር ልጅ መሐል ይገባል ወይ ብለው ወደ እናቷ ዞሩ። እናቴም አስካለን በዓይኗ ቆጣ አለቻት።

አስካለ የያዘችውን ሰሐን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ቆዩ፣ ትጨርስ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

 ትርንጎ ሁሉም ሲያያት ያላሰበችው ነገር ሆኖባት ቀሚሷን መጎተት ጀመረች። አባቴ አስካለን አያት፤ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ወንበሩን ከእንግዳው አዙሮ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠና፣ «እሺ እመቤቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።